ሁለት መሐላ ለአንድ ኪንታሮት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለጁምዓ ገላዬን የምታጠብበትና የምላጭበት ጊዜ ነው። ከልጅነቴ እናቴ ያስለመደችኝ ነው። ያን ሐሙስም በሩን ቀርቅሬ ከእምብርቴ በታች ስላጭ ጣቴ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ምስር የምታክል፣ ለስላሳ፣ የቆዳዬን ቀለም የያዘች እብጠት ናት። አጠገቧ ደግሞ ታናሿ አለች። አታምም፣ አታሳክክም። ምላጭ ያስቆጣው ፀጉር ነው አልኩና ውኃ ደፍቼባት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ሥራዬ መርሳ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ብርቱካንና ፓፓያ መሸጥ ነው። ምላሴ ፈጣን ነው ይሉኛል። ከደሴ የመጣ መንገደኛ በአውቶብስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ዋጋ ሊያስቀንሰኝ ሲሞክር፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪስቅ መልሱን እሰጠዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን ለወራት አፌ ተለጉሞ ነበር።

ምላጭ የሚያመጣውን ብጉር አውቀዋለሁ። ጫፉ ነጭ ይሆናል፣ ሲነኩት ቆጥቆጥ ያደርጋል፣ ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል። ይኼኛው አልጠፋም። ጭራሽ እየተጨመረ፣ እርስ በርሱ እየተደራረበ፣ እንደ አበባ ጎመን ራስ ሆነ። ሦስተኛ ወሬን የያዝኩ ነፍሰ ጡር ነበርኩና ፍርሃቴ በእጥፍ ነበር።

ለጎረቤቴ ነገርኳት። መንገር ከተባለ ነው። ቦታውን እንዴት ብዬ ልጥራላት? «እጄ ላይ ኪንታሮት ወጣብኝ» አልኳት። እጄን አሳዪኝ እንዳትለኝ ሻርፔ ውስጥ ደብቄዋለሁ። እሷ ምን በወጣት፣ ለእጅ የሚታዘዘውን አዘዘችልኝ። «የቅንጭብ ወተት ጠዋት ጠዋት ጠብ አድርጊበት፣ እንደ ቅርፊት ይረግፋል» አለችኝ። ከአጥራችን ላይ ቅንጭብ ቆርጬ ወተቱን እዚያ አደረግሁት። ወላሂ፣ እሳት ነው! ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። በማግስቱም ደገምኩት፤ ያመመኝ ሥራውን ቢሠራ ነው ብዬ።

ከዚያ ሐሳቤ ወደ ባሌ ዞረ። ባሌ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ግራና ከምትባለው የጎረቤት ከተማ ሽንኩርት ጭኖ ደሴና ኮምቦልቻ ያደርሳል፣ አንዳንዴም አፋር፣ እስከ ሎጊያ ይወርዳል። የሹፌር ሚስት መሆን ምን እንደሚያሰማ የሹፌር ሚስት ታውቃለች። ሰው ሲቀልድብኝ እየሳቅሁ አሳልፌው ኖሬ ነበር። አሁን ግን ቀልዱ ሁሉ እውነት መሰለኝ። ያደረባቸው ከተሞች አንድ በአንድ ትዝ እያሉኝ ሌሊቱ አልነጋ አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከእሱ በፊት አግብቼ ነበር። ገና ልጅ ሳለሁ ነው የዳሩኝ። ሰውየው ዓመት ሳይሞላን ሳዑዲ ሄደና ፍቺዬን ከዚያው ላከልኝ። ባሌ ይህን አውቆ ነው ያገባኝ። እኔም ስለዚያ ጋብቻ ማሰብ ከተውኩ ብዙ ዓመቴ ነው።

ባሌ ከመንገድ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ከየት ነው ያመጣህብኝ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ራስህ ታውቀዋለህ!»

«ኧረ በአላህ፣ ምን እንደሆነ ንገሪኝና ልወቀው።»

አልነገርኩትም። ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ፣ በባጃጅ ግራና እናቴ ቤት ገባሁ። እናቴ ምን ሆነሽ ነው ብላ ስትወተውተኝ ሆድ ይፍጀው ማለት አቃተኝና አወጣሁት። ስጨርስ «ወንዶች እንዲህ ናቸው። አትመለሺም» አለችና ፊቷን አዞረች። ያንን ያለችው እንደዚያ ቆርጣ ስለነበር እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

አገራችን ሚስት ኮርፋ ስትሄድ ሽማግሌ ይላካል። ባሌ ሦስት ሰው ላከ። አንዱ የሰፈሩ ሸህ ናቸው፤ አንዱ የባሌ አጎት፤ ሦስተኛው ከደጋ ወርደው እኛ ጎረቤት የሚያርሱ ክርስቲያን አባት። ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ዱዓ ተደርጎ ሲያበቃ ሸሁ «በሉ የተጣላችሁበትን አውጡት» አሉ። እናቴ ለሸሁ ሚስት፣ ሚስትየውም ለሸሁ ሹክ ብላ ኖሮ ጉዳዩን ያውቁታል። ግን ማን ይጥራው? «ያ ነገር»፣ «ከውጭ የገባው ነገር» እየተባለ ስሙ ሳይጠራ ተሸመገለ። እኔ እናቴ ጎን ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ ነበር። ባሌ ደግሞ የተከሰሰበትን የሚሰማው ገና ያን ቀን ነበርና ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

ሸሁ በመጨረሻ «እንግዲህ ነገሩን መሐላ ይፍታው» አሉ። ቁርኣን መጣ። ባሌ እጅ እግሩን ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ገባና እጁን አኑሮ «እሷን ካገባሁ ወዲህ ሌላ ሴት ዘንድ አልሄድኩም» ብሎ ማለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እናቴ ከጎኔ ከንፈሯን መጠጠች።

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱስ ማለ። እሷስ?»

እኔም ተነሥቼ፣ ታጥቤ፣ ማልኩ። እሱን ካገባሁ ወዲህ ሌላ ወንድ አላውቅም። እውነት ነው። እንደማልኩ ግን ቤቱ ውስጥ የሆነውን አየሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ እውነት ከማለ ሌላው ዋሽቷል፤ ያ ነገር ከሰማይ አልወረደ! የደጋው አባት «ሁለታችሁም እውነተኛ ልትሆኑ አትችሉም፣ ልጆቼ» አሉ፤ ሲሉትም አዝነው ነው። አጎትየው ግን ቀጠሉ። «ደግሞ የተረገዘው...» አሉና የቀረውን ዋጡት።

ያ የዋጡት ቃል ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ባሌ ወደ አጎቱ ዞሮ «ይብቃ!» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወደ እኔ አላየም። ለሁለተኛው ጁምዓ ቀጠሮ ተያዘ። እስከዚያ እውነቱን የሚያወጣ ከሁለት አንዳችን ከሌለ ፍቺ ነው። በሆዴ ያለው ልጅም ጥርጣሬ እንዳንጠለጠለ ሊወለድ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ቅንጭብ የላጠው ቦታ ቁስል ሆኖ አረፈው። ግራና ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ቀኔ ደርሶ ስሄድ አዋላጇ «ለምንድን ነው በጎንሽ የምትቀመጪው?» ብላ ያዘችኝ። ሰበብ ልፈልግ ስል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» አለችና ወደ አልጋው ጠቆመችኝ። አይታ አልጮኸችም፣ አልሳቀችም። ጓንቷን አወለቀችና «ወልድያ ሆስፒታል መታየት አለብሽ። ባልሽም አብሮሽ ይሂድ» አለች።

ደወልኩለት። ከመሐላው በኋላ የተነጋገርነው የመጀመሪያው ቃል «አዋላጇ ባልሽም ይምጣ ብላለች» የሚል ሆነ። ጠዋት አይሱዙውን ይዞ በር ላይ ቆመ። እኔ በሩን ተጠግቼ፣ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ በመካከላችን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ትተን ወልድያ ገባን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት፤ የምትናገረው እንደ ገበያ ሴት ቀጥ አድርጋ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አየችኝ። «ቁስሉን ምን አመጣው?»

«ቅንጭብ።»

«ቅንጭብ ለአጥር ነው እኮ፣ እህቴ!» አለች። «እዚህ ቦታ ያለው ቆዳ ስስ ነው። ለእጅ ያልሆነው ለዚህ እንዴት ይሆናል? ከኪንታሮቱ ይልቅ ያሳመመሽ ቅንጭቡ ነው።»

ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የቆዳ ኪንታሮት ነው፣ በግንኙነት ቆዳ ለቆዳ ሲነካካ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው የሚያበቅለው አለች። ቂጥኝም አንዳንዴ ይህን መስሎ ስለሚወጣና ለጽንሱ ስለሚያሰጋ፣ ሁለታችንም ለምርመራ ደም ልንሰጥ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁም አልሰማሁም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ማን ነው ያመጣው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ሐኪም አይደለሽ?»

«ሐኪም ስለሆንኩ ነዋ አላውቅም የምልሽ» አለች፤ አልተቆጣችም። «ይሄ ቫይረስ ሰው ላይ ከገባ በኋላ ወራትም ዓመታትም ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። ተሸካሚው ራሱ አያውቅም። እርግዝና ሲመጣ ሰውነት ይለወጣል፤ ተደብቆ የኖረው ያኔ ብቅ ይላል፣ የነበረውም ይፋፋል። ዛሬ ወጣ ማለት ዛሬ ገባ ማለት አይደለም። ከዚህ በፊት አግብተሽ ነበር?»

«ነበር።»

«እሱስ ከአንቺ በፊት?»

ባሌ ወደሚጠብቅበት በር አየሁ። እሷም መልስ አልጠበቀችም። «ማን ንጹሕ ነው፣ ማን አይደለም ብዬ አልፈርምላችሁም። በዚህ ኪንታሮት ግን ማንም በማንም ላይ ሊፈርድ አይችልም።»

ጣራው የተነሣልኝ መሰለኝ። ቀጥሎ የመጣው ግን ደስታ አልነበረም፣ ንዴት ነው። በሰው በምትናደጂበት ጊዜ ቢያንስ የምትናደጂበት ሰው አለ። እኔ በማን ልናደድ? ሳዑዲ በቀረው? በባሌ? ዝም ብሎ ከቆዳዬ ሥር በተቀመጠው?

ባሌ ተጠርቶ ገባ። ሐኪሟ ለእሱም ያንኑ ደገመችለት። ጨርሳ «ጥያቄ አለህ?» ስትለው ያ መንገድ ላይ ከትራፊክ ጋር የሚሟገት ሰውዬ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ «እኔም አለብኝ» አለ።

ዞሬ አየሁት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው ሐኪሟ።

«ከጉርምስናዬ። ነጫጭ ናቸው፣ ተሰልፈው...»

እኔ ሳላውቅ ኖሬያለሁ ማለት ነው! በኋላ እንደነገረኝ እነዚያን ነጠብጣቦች ዕድሜውን ሁሉ ሲያፍርባቸው ኖሯል። ቁርኣኑ ላይ እጁን ሲያኖርም በእውነት እየማለ፣ ግን ምናልባት በሽታው እነዚህ ይሆኑ ብሎ ልቡ እየራደ ነበር። ሐኪሟ መጋረጃውን ስባ አየችውና ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። «ይሄ በሽታ አይደለም። አፈጣጠር ነው። ብዙ ወንድ አለው፣ ወደ ማንም አይተላለፍም፣ መድኃኒትም አይፈልግም። እንዳትፍቀው፣ እንዳታፈርጠው።» ባሌ ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪውን እየታጠቀ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማሁት፤ ሳላስበው ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰላችሁ የሳቅሁት!

ቀለል ሲለው ምላሱ ተፈታ። «ታዲያ ዶክተር፣ ሰው ብጉር በወጣበት ቁጥር ወልድያ ሊመላለስ ነው?»

«አይደለም» አለች እጇን እየታጠበች። «ምላጭ ያስቆጣው ፀጉር በሳምንት በሁለት ሳምንት ይከስማል። ለዚያ ምላጩን ማሳረፍ፣ ቦታውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ አለመነካካት ይበቃል። ሁለት ሳምንት አልፎት የማይጠፋ፣ የሚያድግ፣ የሚደማ ከሆነ ግን መታየት አለበት። ውኃ የቋጠረና የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም ፈሳሽ፣ ትኩሳት፣ የብሽሽት እብጠት ካለ ሁለት ሳምንት እንኳ አትጠብቁ። እርጉዝ ከሆነች በዚያው ቀን ትምጣ። በጣም የምፈራው ደግሞ የማያመውን ቁስል ነው። ቂጥኝ ሲጀምር አያምም፣ በራሱም ይደርቃል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይሄዳል፤ በሽታው ግን ውስጡ ነው።»

የደሙ ውጤት መጣ፤ ሁለታችንም ነፃ ነን። እርጉዝ የማትቀባቸው መድኃኒቶች ስላሉ፣ መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን፣ ከዚያ እዚሁ እየመጣሽ እኔው ራሴ ለእርጉዝ በሚሆነው መድኃኒት እየነካሁ አደርቀዋለሁ አለችኝ። ስትወልጂም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይከስማል፤ ሕፃኑም በዚህ ምክንያት የሚጎዳው እምብዛም ነው አለች። ከወለድኩ በኋላ የማህፀን በር ምርመራ እንዳልተው አስጠነቀቀችኝ።

ስንመለስ መሐል ላይ ያለው ቦታ ያው ባዶ ነው። ሙቀቱ በመስኮቱ እየገባ፣ መርሳ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ባሌ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ተናገረ። «ከእኔም ሊሆን ይችላል። ሳላገባሽ፣ ረዳት ሳለሁ... ሎጊያ...» አለና ተወው። ቆየት ብሎ «ከፊተኛው ባልሽም ሊሆን ይችላል» አለ። «ሊሆን ይችላል» አልኩት። ያኔ ነው ባሌ እንደሆነ እንደገና የታወቀኝ።

የቀጠሮው ጁምዓ ደረሰ። እናቴ ውጤቱን ልነግራት ስል «ሐኪም ምን ያውቃል፣ አልሰማሽም» ብላኝ ነበር፤ ያን ቀንም ከእኔ ጋር ምንጣፉ ላይ አልተቀመጠችም፣ ጓዳ ገባች። ሽማግሌዎቹ ያው ሦስቱ ናቸው። አጎትየው ገና ዱዓው ሳያልቅ «ማን እንደዋሸ ይነገረን» አሉ።

ባሌ ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ። «በሐሰት የማልኩት እኔ ነኝ። የሐሰት መሐላ ካሳውን፣ ከፋራውን እከፍላለሁ። እሷንም ልጁንም ከአፋችሁ አውጡልኝ።»

በመርሳና በግራና በቁርኣን በሐሰት የማለ ሹፌር ሽንኩርቱን የሚያስጭነው ገበሬ አያገኝም። ይህን ያውቃል። እያወቀ ነው የተናገረው። ዝም ብል ስሜ ይጸዳል፣ ልጄም ይድናል፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ። «መሐላው እውነት ነው። የኔም እውነት ነው።»

ሸሁ «ልጄ፣ ቀስ በይ...» ሲሉ «ሸሁ፣ ይቅር ይበሉኝና ያ ነገር ያ ነገር እየተባለ ቤቴ ሊፈርስ ነው። ያ ነገር ኪንታሮት ነው!» አልኳቸው። የት እንደወጣብኝም ነገርኳቸው። ቫይረሱ ከቆዳ ሥር ዓመታት ተቀምጦ ሊቆይ እንደሚችል፣ እርግዝና እንደሚያወጣው፣ ከፊተኛው ባሌም ሊሆን እንደሚችል፣ ከእሱ ወንደላጤነትም ሊሆን እንደሚችል፣ ሐኪምም ቢሆን ይህን መለየት እንደማይችል ብርቱካን እንደምሸጥበት ድምፅ ተናገርኩ። ሦስቱም ምንጣፉን ያያሉ። አጎትየው ጆሯቸው ቀላ።

ቀድመው ቀና ያሉት የደጋው አባት ነበሩ። «እንግዲህ ሁለቱም እውነት ምለው ነበራ» አሉ። «እኛ ነን በጥያቄው የሳትነው።» ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን፤ ለልጁም ለብቻው አደረጉለት። አጎትየው ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ አለፉ። ይቅርታ መሆኑ ነው፤ ተቀበልኳቸው።

ባሌ ልብሴን ወደ መኪናው ሲያወጣ እናቴን ልሰናበት ጓዳ ገባሁ። የእህል ጆንያው ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ መሐል ቀብራለች። የተናገርኩትን ሁሉ በግድግዳው ሰምታለች። ስላሳፈርኳት ልትቆጣኝ ነው ብዬ ቆምኩ።

«ሲረገዝ ይወጣል ነው ያለችሽ?»

«አዎ፣ እማ።»

«ሲወለድ ይጠፋል?»

«ብዙውን ጊዜ በራሱ ይከስማል ብላለች።»

አባቴ ሐራ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ከሌላ ሚስትና ከልጆቹ ጋር። እኔ የማውቀው ለዒድ ስንገናኝ ሳሙና ሰጥቶኝ፣ ጉንጬን ስሞኝ ሲሄድ ነው። ሳልወለድ ነው የተለያዩት። ለምን እንደተለያዩ ስጠይቃት እናቴ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም።

«አንቺን አርግዤ ነው የወጣብኝ» አለች። «አባትሽን ትቼው መጣሁ። አንቺን ስወልድ ጠፋልኝ። ከእሱ ስለራቅሁ የዳንኩ መስሎኝ ይኸው እስከ ዛሬ...»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውጭ ባሌ የመኪናውን ሞተር አስነሥቷል።

«ምሎልኝም ነበር» አለች እናቴ።